ስሞል ቤዝ ዳይ ለኤአር-15፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

የገዛሁት ለኤአር-15 ጠመንጃዬ ጥይት፣ ለ.223 ሬሚንግተን፣ የሚሆን ስሞል ቤዝ ዳይ ነው። ዳይ ማለት የተተኮሰ ቀለህን (ባዶውን የጥይት ናስ) እንደገና ለመሙላት ጨምቆ ወደ ልኩ የሚመልስ የብረት ቅርጽ ማውጫ ነው። የዚህኛው ሥራ አንድ ነው፦ የተተኮሰ ቀለህን ግርጌው አካባቢ ከተራው ዳይ አንድ ሺኛ ኢንች ያህል ጨምሮ ማጥበብ። «ይቺ ምን ትለውጣለች?» የሚል ሰው ቦልቱ (ጥይቱን በርሜሉ ውስጥ ወዳለው ማረፊያ፣ ወደ ቻምበሩ፣ ገፍቶ የሚዘጋው ብረት) ግማሽ መንገድ ላይ ቆሞበት አያውቅም ማለት ነው።

የተተኮሰ ቀለህ መልሼ እየሞላሁ ጥይት የምሠራው አሜሪካ ውስጥ፣ ለዒላማ ተኩስ ብቻ ነው። ለራስህ እስከሆነ ድረስ የፌዴራል ፈቃድ አትጠየቅም፤ ሠርተህ ልሽጥ ካልክ ግን ፈቃድ ግድ ነው። ቀለሁን የማገኘው ከሁለት ቦታ ነው። አንዱ የራሴ ጠመንጃ የተፋው። ሌላው ከተኩስ ሜዳ የሚለቀመው። ከሚለቀመው ውስጥ ብዙው «ኤልሲ» የሚል ማኅተም አለው፤ ሚዙሪ ካለው የሌክ ሲቲ ፋብሪካ የወጣ ነው። የሁለቱን ልዩነት ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ቀለህ ሲተኮስ ይነፋና የቻምበሩን ግድግዳ ይይዛል። ከዚያ ትንሽ ይሰበሰባል፣ ወደ ድሮ ልኩ ግን አይመለስም። በእጅ በሚቀባበል ጠመንጃ ትንሽ የወፈረውን በክንድህ ገፍተህ ትዘጋበታለህ። ከፊል አውቶማቲክ ላይ ይህ የለም፤ የሚገፋው ስፕሪንግ ነው። በዚያ ላይ የኤአርም ሆነ የኤም1 ጋራንድ (ሌላ ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ) መምቻ መርፌ በስፕሪንግ የተያዘ አይደለም። ቦልቱ ሲዘጋ ወደፊት ሸርተት ብሎ ፕራይመሩን (ቀለሁ ግርጌ ላይ ያለውን፣ ባሩዱን የሚያቀጣጥለውን ቆብ) ይነካል። ቀለሁ ረዝሞ ቦልቱ ሳይቆለፍ ፕራይመሩ ቢፈነዳ ጣጣው ለፊትም ለእጅም ነው። ለዚህ ነው የቀለሁ ትከሻ (ወደ አንገቱ የሚጠብበት ቦታ) ከተተኮሰበት ልክ ከ0.003 እስከ 0.005 ኢንች ወደኋላ እንዲገፋ የሚመከረው። በእጅ ለሚቀባበለው 0.001 ወይም 0.002 ይበቃል።

ወደ ዳዩ ልመለስ። ለተለቀመ ቀለህ ወድጄዋለሁ። በሌላ ሰው እግር የሰፋ ጫማ ማለት ነው፤ ምን ዓይነት ቻምበር ውስጥ እንደተተኮሰ አታውቅም። ሰፊ ቻምበር ያለው መሣሪያ ውስጥ አልፎ ከሆነ ግርጌው ወፍሮ ይመጣል። ተራው ዳይ ያንን ሁሌ አይጨርሰውም። ስሞል ቤዙ ይጨርሰዋል። ከእሱ ያለፈ ቀለህ ጠመንጃዬ ውስጥ ሲገባ ቦልቱ «ጧ» ብሎ ይዘጋል፣ ሲሳብም ያለ ግብግብ ይወጣል።

ለራሴ ጠመንጃ ቀለህ ግን ያመጣው ለውጥ የለም። እዚያ የሚወስነው የትከሻው ቦታ ነው፤ ትከሻውን የሚያስቀምጠው ደግሞ ዳዩን ፕሬሱ (ቀለሁን ወደ ዳዩ የሚገፋው ባለ እጀታ መሣሪያ) ላይ ያሰርክበት ከፍታ።

ይቺን ነገር ብዙ ሰው ስለሚያልፋት ትንሽ ልቆይባት። ቀለሁ ወደ ዳዩ ሲገባ መጀመሪያ የሚጨመቀው ጎኑ ነው። ጎኑ ሲጨመቅ ናሱ መሄጃ ይፈልጋል፣ ትከሻውን ወደፊት ይገፋዋል። ስለዚህ ግማሽ መንገድ የገባ ቀለህ ከመግባቱ በፊት ከነበረው ይረዝማል! ዳዩ ትከሻውን የሚነካውና ወደኋላ የሚመልሰው መጨረሻ ላይ ነው። «ቀለሁን እንዳልጎዳ ዳዩን ትንሽ ከፍ ላድርገው» የሚል ሰው ጭራሽ የማይገባ ጥይት የሚሠራው በዚህ ምክንያት ነው። ስሞል ቤዝ ጎኑን አብዝቶ ስለሚጨምቅ ነገሩ ይብስበታል።

መፍትሔው መለካት ነው። እኔ የሆርናዲን ኮምፓራተር (የትከሻውን ቦታ የሚያስለካ ማያያዣ) ካሊፐር የሚባለው መለኪያ ላይ አስሬ እጠቀማለሁ። መጀመሪያ ፕራይመሩን አወጣለሁ፤ ያበጠ ፕራይመር ልኬቱን ያዛባል። ከዚያ የተተኮሰውን እለካለሁ፣ ዳይ ውስጥ አስገብቼ አወጣለሁ፣ ደግሜ እለካለሁ። የምፈልገው ልዩነቱን ነው። የዳይ የብሎን ጥርስ በኢንች 14 ስለሆነ አንድ ሙሉ ዙር 0.071 ኢንች ያንቀሳቅሳል። አንድ ሺኛ ማለት 5 ዲግሪ ገደማ፣ ለዓይን እንኳ የማትሞላ መዞር ናት። ልኬቱን የምወስደው ዳዩ ውስጥ ያለው የአንገት ማስፊያ ኳስ በቀለሁ አንገት ካለፈ በኋላ ነው፤ ኳሱ ሲወጣ አንገቱን ይጎትታል፣ ትከሻውም አብሮ ሊሳብ ይችላል።

የተለቀመ ቀለህ ላይ ልኬቱ ይዘባርቃል። ብዙ ጊዜ የተተኮሰ ናስ ይደነድናል፣ ተጨምቆም ተመልሶ ይነፋል። ፕሬሱን ታች አድርሼ ጥቂት ሰከንድ መያዝ ልዩነቱን ቀንሶልኛል።

ዳዩ ጉልበት ይጠይቃል። ቅባት ላይ ስስት የለም። ላኖሊን በ99 ፐርሰንት አልኮል በጥብጬ እረጫለሁ፣ አልኮሉ እስኪተን እጠብቃለሁ። ሳይደርቅ ከገባ ቀለሁ ዳዩ ውስጥ ይነክሳል። ቅባቱ ከበዛ ደግሞ ትከሻው ላይ ስርጉድ ያለ ጠባሳ ይተዋል። ጠባሳው ሲተኮስ ይቃናል፣ መልኩ ግን ያስጠላል።

የማልወደው ጎኑ የቀለሁን ዕድሜ ማሳጠሩ ነው። ባጠበብከው ቁጥር ቻምበሩ ውስጥ መልሶ ይነፋል፣ ናሱ ይደክማል። ትከሻውንም ከልክ በላይ ከገፋኸው ቀለሁ ሲተኮስ ከግርጌው ከፍ ብሎ ይሳሳል። ጫፉን ያጠፍኩትን የወረቀት ማያያዣ ሽቦ ወደ ውስጥ አስገብቼ ግድግዳውን እዳብሳለሁ። ጎድጎድ ያለ ቀለበት ከነካ ያ ቀለህ ቀጥታ ወደ ቆሻሻ ነው። የቀለሁ ርዝመትም አለ፦ ከፍተኛው 1.760 ኢንች ነው፣ ሲቆረጥ ወደ 1.750 ይመለሳል።

ከተኩስ ሜዳ የምትለቅም ከሆነ ግዛው፣ ያዋጣሃል። የራስህን ቀለህ ብቻ ከሆነ የምትሞላው ተራው ዳይ ይበቃሃል፤ ብሩን ኮምፓራተር ግዛበት። እኔ ሁለቱንም ዳይ ጎን ለጎን ይዣለሁ። ስሞል ቤዙ ለተለቀመው፣ ያውም ለመጀመሪያው ዙር ብቻ። አንዴ በጠመንጃዬ ከተተኮሰ በኋላ ቀለሁ ወደ ተራው ዳይ ይዛወራል።