ወተት ሆድ ሲነፋ፦ ጨርሶ መተው ወይስ ወደ እርጎ መዞር?

ፒያሳ ማኪያቶ ጠጥቶ ሆዱ የሚጮህ፣ የሚነፋው፣ የሚያስቀምጠው ሰው አይጠፋም። ላክቶስ የተባለውን የወተት ስኳር የሚፈጨው ላክቴዝ ኢንዛይም በብዙዎቻችን ከልጅነት በኋላ ይቀንሳል። ያልተፈጨው ስኳር ትልቁ አንጀት ውስጥ ይብላላል፤ ጋዙም ከዚያ ነው። ማፍላት ጀርሙን ይገድላል እንጂ ስኳሩን አይነካም።

ወጪ
መተው፦ ምንም።
እርጎ፦ እንደ ወተቱ ዋጋ፤ አዘዞ በኩል ላም ያለው ዘመድ ካለ ይቀላል።

ምቾት
መተው፦ ለጾመኛ አይከብድም። ሁዳዴ እንዲያውም ጥሩ መፈተኛ ነው፤ ሆድ በጾሙ አርፎ ወተት ሲጀመር ከታወከ ፍንጭ ነው። (በፋሲካ ማግስት ግን አትፍረዱ፤ ዶሮውና ቅቤውም ተጠርጣሪ ናቸው።)
እርጎ፦ ባክቴሪያዎቹ ከላክቶሱ ከፊሉን ቀድመው ስለሚበሉት ብዙ ሰው ይስማማዋል። አይብም እንዲሁ፤ አብዛኛው ላክቶስ ከአጓቱ ጋር ይወጣል።

ስጋት
መተው፦ የካልሲየም እጥረት። ጤፍና ጎመን ያግዛሉ።
እርጎ፦ ለእኔ ዋናው ጭንቀት ይህ ነው። ካልፈላ ወተት የረጋ እርጎ ብሩሴሎሲስ የተባለውን ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላል። ወተቱን አፍልቶ፣ ለብ ሲል በጥቂት እርጎ ማርጋት ይሻላል።

ለማን?
ብዙዎች እስከ 12 ግራም ላክቶስ፣ ማለትም አንድ ብርጭቆ ወተት ገደማ፣ በተለይ ከምግብ ጋር ይችላሉ፤ ለእነሱ እርጎ በቂ ነው። ጥቂቱም የሚያውከው ለጊዜው ይተው፣ ከዚያ በትንሽ በትንሹ ይሞክር። የወተት አለርጂ ያለበት ግን እርጎም አይሆነው። ሰገራው ደም ያለበት ወይም ክብደቱ የሚቀንስ ሰው ደግሞ ሐኪም ቤት ይሂድ።