«ድድዎ ሳይድን አልተክልልዎትም» ላሉኝ የጥርስ ሐኪም

ከታች በቀኝ በኩል አንድ መንጋጋ ጥርሴ ከተነቀለ በኋላ አራት ዓመት ሙሉ በግራ ጎኔ ብቻ ሳኝክ ኖሬአለሁ። ዛሬ በሁለቱም በኩል አኝካለሁ፤ ለዚህ ያበቁኝን የጥርስ ሐኪም በአደባባይ ለማመስገንና ኢምፕላንት (በመንጋጋ አጥንት ውስጥ ተተክሎ ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሸከም የታይታኒየም ብሎን) ለማስተከል ለምታስቡ ለመጠቆም ይህን ጽፌአለሁ።

በመጀመሪያው ቀጠሮ የሄድኩት ሥራው ወዲያው እንደሚጀመር አምኜ ነበር። እሳቸው ግን ከመረመሩኝና የመንጋጋዬን ሲቲ ስካን ካስነሱ በኋላ፣ ጥርሱ ከወጣ ወዲህ ሥራ የፈታው አጥንት ምን ያህል እንደሳሳ፣ ለከንፈርና ለአገጭ ስሜት የሚሰጠው ነርቭም ከሥሩ በየት በኩል እንደሚያልፍ በእስክሪብቶ ጫፍ እያመለከቱ አሳዩኝ። ከዚያም «ድድዎ ይደማል፤ ይህ ሳይድን አልተክልልዎትም» አሉኝ። ያን ዕለት ቅር ብሎኝ ወጣሁ። ገንዘቡን ይዞ የመጣን ታካሚ «ይቆዩ» ማለት ምን ያህል ታማኝነት እንደሚጠይቅ የገባኝ ቆይቶ ነው።

ድዴ ታክሞ፣ የሳሳው ቦታም በአጥንት ሙሌት ከተጠናከረ በኋላ ብሎኑ ተተከለ። በማደንዘዣው ምክንያት ሕመም አልነበረውም፤ የተሰማኝ የመሰርሰሪያው ንዝረትና አጥንቱ እንዳይግል ያለማቋረጥ የሚፈስሰው ቀዝቃዛ ፈሳሽ ብቻ ነው። ጥርሱ ለምን ወዲያው እንደማይገጠም ስጠይቃቸው፣ ስዊድናዊው ፔር-ኢንግቫር ብሮኔማርክ አጥንት ከታይታኒየም ጋር አጥብቆ እንደሚዋሃድ በጥንቸሎች ላይ ባደረጉት ምርምር እንደደረሱበትና እ.ኤ.አ. በ1965 ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው እንደተከሉ አጫወቱኝ። ይህ ውህደት እንደ አጥንቱ ሁኔታ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር ይፈጃል፤ እኔም አምስት ወር ጠብቄአለሁ። በድልድይ፣ ማለትም ግራና ቀኝ ባሉት ጥርሶች ላይ ተደግፎ በሚገጠም ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ የሚተካ ሰው ይህን ያህል አይጠብቅም፤ የእኔ ግራና ቀኝ ጥርሶች ግን ጤነኞች ስለነበሩ ለድልድይ ብለው ሊሞርዷቸው አልፈለጉም።

ከሁሉ ያስደነቀኝ የመጨረሻው ቀን ነው። በብሎኑ ላይ የሚቀመጠውን ጥርስ ከገጠሙልኝ በኋላ ባለቀለም ስስ ወረቀት እያስነከሱ፣ ቀለሙ የበዛበትን ነጥብ እየሞረዱ፣ እንደገና እያስነከሱ አራት ጊዜ አስተካከሉት። ኢምፕላንት እንደ ተፈጥሮ ጥርስ ጫናን የሚያበርድ ጅማት ስለሌለው፣ ጥቂት ከፍ ቢል እንኳ ጉዳቱ ወደ ብሎኑና ወደ አጥንቱ እንደሚሄድ የነገሩኝ ያኔ ነው። በተተከለልኝ ማግስት ደውላ እብጠቱንና የመድኃኒቱን አወሳሰድ የጠየቀችኝን ነርስም ከልቤ አመሰግናለሁ።

ሐኪሙ ስማቸው በአደባባይ እንዲነሳ ስላልፈቀዱ፣ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ። ስትሄዱ የስኳር ሕመም ካለባችሁ፣ ሲጋራ የምታጨሱ ከሆነ፣ ወይም ለአጥንት መሳሳት መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ሳይጠይቋችሁ ንገሯቸው፤ የቀጠሮውን ቅደም ተከተል የሚወስኑት ይህን ሰምተው ነውና።