401ኬ ያዛወራችሁ፣ ታክሳችሁን ማን ጋ እንደምታሠሩ ተጠንቀቁ

ይህን የምጽፈው በተለይ አሜሪካ ውስጥ ሥራ ቀይራችሁ 401ኬ የሚባለውን፣ በመሥሪያ ቤት በኩል የሚጠራቀመውን የጡረታ ገንዘባችሁን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ላዛወራችሁ ነው። ዳብልዩ ቱ (ከአሠሪ የሚመጣው የደመወዝ ወረቀት) ብቻ ያለው ሰው ታክስ ማሠራት ብዙም አያስፈራውም። ሮልኦቨር፣ ማለትም የጡረታ ገንዘብ ማዛወር፣ ያለበት ታክስ ግን ሌላ ነገር ነው። ታክስ ሠሪው አንዲት ጥያቄ ሳይጠይቅ ካለፈ ብዙ ሺህ ዶላር ሊበላሽ ይችላል። ጥያቄዋም ይህች ናት፦ «ገንዘቡ የት ገባ?»

ዋሽንግተን ዲሲ ጎን ባሉት ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ አካባቢ ያለ ሰው የኛ ታክስ ቢሮዎች የት እንደሚገኙ አይጠፋውም። ከእንጀራ መሸጫው ጎን ናቸው፣ ትራቭል ኤጀንቱ ፎቅ ላይ ናቸው፣ አንዳንዴም ገንዘብ የሚላክበት መስኮት ራሱ በታክስ ሰሞን ታክስ ቢሮ ይሆናል። ከመካከላቸው እጅግ ጎበዝ ባለሙያዎች አሉ። የጅምላ ስም ማጥፋት ውስጥ አልገባም። ችግሩ ከጃንዋሪ እስከ ኤፕሪል ብቅ ብለው ከዚያ በኋላ ስልክ የማያነሱት ናቸው።

የባለቤቴ ታላቅ እህት ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ። እትዬ 52 ዓመቷ ነው። ለረጅም ጊዜ ሆስፒታል ስትሠራ ቆይታ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ገባች። 401ኬዋ ውስጥ 40,000 ዶላር ነበራት። ቁጥሩን ለማቅለል አጠጋግቼዋለሁ። ገንዘቡን የሚያስተዳድረው ድርጅት ቼኩን በራሷ ስም ጽፎ ላከላት። ቼኩ ላይ የነበረው ግን 32,000 ነው። ቀሪውን 8,000፣ ማለትም 20 በመቶውን፣ ለአይአርኤስ (ለፌዴራሉ ታክስ ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት) ቆርጦታል። ይህ የድርጅቱ ክፋት አይደለም። እንዲህ ያለው የመሥሪያ ቤት ጡረታ ገንዘብ በባለቤቱ ስም ሲከፈል 20 በመቶ መቁረጥ ግዴታ ነው። እትዬም አልዘገየችም። አይአርኤ የሚባለውን የግል የጡረታ አካውንት ከፍታ 32,000ውን አስገባች። ገንዘቡን መልሶ ለማስገባት ሕጉ የሚሰጠው 60 ቀን ሳያልቅ ጨረሰች ማለት ነው። የባንኩን ደረሰኝ ፎልደር ውስጥ አስቀመጠች።

ታክስ ልታሠራ ስትሄድ አብሬያት ሄድኩ። ታክስ ሠሪው ልጅ አንዱን ስልክ ጆሮው ላይ ለጥፏል፣ ሌላው ጠረጴዛው ላይ ይንጫጫል። ከሁሉ በፊት 200 ዶላር ቅድሚያ ተቀበለ። ከዚያ 1099-አር የሚባለውን፣ ከጡረታ አካውንት የወጣውን ገንዘብ የሚያሳየውን ወረቀት ወስዶ ቦክስ 1 ላይ ያለውን 40,000፣ ቦክስ 4 ላይ ያለውን 8,000 መታ መታ አደረገ። ቦክስ 7 ውስጥ «1» የምትል ቁጥር አለች። ሰውየው 59 ዓመት ተኩል ሳይሞላው ገንዘቡን አውጥቷል፣ ከቅጣት የሚያድነው ምክንያትም አይታወቅም ማለት ናት። ኮምፒውተሩ ያችን ይዞ 40,000ውን በሙሉ ገቢ አደረገው። 10 በመቶ ቅጣትም ጨመረበት፤ 4,000 ዶላር።

«ልጄ፣ ብሩን እኮ መልሼ ባንክ አስገብቼዋለሁ» አለችው ፎልደሩን እየከፈተች።

«እናቴ፣ እኔ ወረቀቱ የሚለውን ነው የምሞላው። አይአርኤስ ጋ ያለውም ይኸው ነው።»

ደረሰኙን ገፋ አደረገው። ደግማ ስትጠይቀው ወደ እኔ ዞሮ «እንዲህ ያለ ነገረኛ ደንበኛ ነው ቀኔን የሚበላው» አለኝ፣ እየሳቀ። ከዚያ ታብሌቱን አቀረበላትና «እዚህ ጋ ፈርሚ» አላት። የተሞላውን ገጽ አላሳያትም። እትዬ አልፈረመችም። ተነሳን። ልጁ 200 ዶላሩንም አልመልስም አለ፣ 1099-አሩንም «ቀሪውን ስትከፍሉ» ብሎ መሳቢያ ውስጥ ከተተው።

ወረቀት ይዞብናል ብላችሁ እጅ እንዳትሰጡ። ገንዘቡን ያስተዳድር የነበረው ድርጅት ድረ ገጽ ላይ ገብተን ሌላ ኮፒ አወጣን። ሲፒኤ (ፈቃድ ያለው የሒሳብ ባለሙያ) ወይም ኢንሮልድ ኤጀንት (አይአርኤስ ፈቃድ የሰጠው ታክስ ሠሪ) ቢሆን ኖሮ ክፍያ ላይ ተከራከርን ብሎ የደንበኛን ወረቀት መያዝ በጥቅሉ አይፈቀድለትም። ልጁ ግን አንዱንም አይደለም። ይህን ያወቅነው በኋላ አይአርኤስ ድረ ገጽ ላይ ያለውን የባለሙያዎች ዝርዝር ስናይ ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ሌላ ባለሙያ እንደሠራላት፣ 1040 በሚባለው ዋናው የታክስ ፎርም ላይ መስመር 5ኤ 40,000 ይላል፣ መስመር 5ቢ ደግሞ 8,000፤ ሮልኦቨር መሆኑም ምልክት ይደረግበታል። ታክስ የሚከፈልበት 5ቢ ላይ ያለው ብቻ ነው። ለምን 8,000 ቀረ? የአይአርኤ አካውንቷ ውስጥ ስላልገባ ነው። በ60 ቀኑ ውስጥ ከኪሷ 8,000 ጨምራ 40,000 ሞልታ ብታስገባ ኖሮ ምንም ታክስ አይኖርም ነበር፣ የተቆረጠውም ታክስ ስትሠራ ይታሰብላት ነበር። ግን 8,000 ዶላር እጁ ላይ የሚገኝ ስንቱ ነው? ስለዚህ በ8,000ው ላይ ታክሱንና 800 ዶላር ቅጣቱን ከፈለች። ይህኛው የማይቀር ነበር። እትዬና ባሏ 12 በመቶ እርከን ውስጥ ናቸው። በልጁ አሞላል ቢሄድ ኖሮ በ32,000ው ላይ 3,840 ታክስና 3,200 ቅጣት፣ በድምሩ 7,040 ዶላር በከንቱ ይሄድ ነበር። የሜሪላንድን ታክስ ሳልቆጥር ነው ይህ።

«አይአርኤስ ጋ ያለው ይኸው ነው» የሚለው መልስ ግማሽ እውነት ስለሆነ ያታልላል። ገንዘቡ ገብቷል የሚለው ወረቀት 5498 ይባላል፣ የአይአርኤ አካውንታችሁ ያለበት ባንክ ነው የሚልከው። የሚመጣው ግን እስከ ሜይ መጨረሻ ነው። ታክስ የሚያልቀው ኤፕሪል 15። ታክስ ሠሪው ወረቀቱ እስኪመጣ ልጠብቅ ቢል አይደርስለትም። ያለው አማራጭ እናንተን ጠይቆ ደረሰኙን ወይም የአካውንቱን ስቴትመንት ማየት ብቻ ነው። ስለዚህ ሮልኦቨር አለኝ ስትሉት ደረሰኝ የማይጠይቃችሁ ሰው ሥራውን አያውቅም።

ከዚህ የባሰው ደግሞ ደረሰኝ የማይፈልግበት ሌላ ምክንያት ያለው ነው። ገንዘቡን አውጥታችሁ በልታችሁታል እንበል። አዲስ አበባ አፓርታማ ከፍላችሁበታል፣ ወይም ዕዳ ዘግታችሁበታል። ሰውየው አፉ ቅቤ ነው። «አታስቡ፣ ሮልኦቨር ብዬ አልፈዋለሁ» ይላችኋል። ያን ዓመት ሪፈንዱ (ከታክስ የሚመለሰው ገንዘብ) ያምራል። እሱም ከሪፈንዱ በመቶኛ ይቆርጣል፣ አንዳንዴም ሪፈንዱ መጀመሪያ በራሱ አካውንት እንዲገባ ያደርጋል። ከዚያ አይአርኤስ 1099-አሩን ከ5498ቱ ጋር ያስተያያል። 5498 የለም። ሲፒ2000 የሚባል ደብዳቤ ቤታችሁ ይመጣል፤ ታክሱ፣ 10 በመቶው፣ ወለዱ፣ አንዳንዴም 20 በመቶ ተጨማሪ ቅጣት። ደብዳቤው የሚመጣው ለእናንተ ነው። ለሠራላችሁ ሰው አይደለም። ፊርማው የእናንተ ስለሆነ ማን ሞላው የሚለው ዕዳውን አይቀንስም። ብዙ ጊዜም ወረቀቱ ላይ ታክስ ሠሪ የሚለው ቦታ ባዶ ነው፣ ራሳችሁ የሞላችሁት ይመስላል። ገንዘብ ተቀብሎ ታክስ የሚሠራ ሰው ፒቲን የሚባል የአይአርኤስ መለያ ቁጥር ሊኖረውና ሊፈርም ሕግ ያስገድደዋል።

«የመጀመሪያ ቤት ስለገዛህ ቅጣት የለብህም» የምትል ወሬም አለች። እስከ 10,000 ዶላር ያለው የመጀመሪያ ቤት ነፃነት ለአይአርኤ ነው። ከ401ኬ በቀጥታ ለወጣ ገንዘብ አይሠራም። በተቃራኒው 55 ዓመት በሞላችሁበት ዓመት ወይም ከዚያ በኋላ ሥራ ከለቀቃችሁ ከዚያው መሥሪያ ቤት 401ኬ ብታወጡ 10 በመቶው የለም። ገንዘቡን ወደ አይአርኤ ካዛወራችሁት ግን ይህ ዕድል ይጠፋል። 56 ዓመት ሆኗችሁ በቅርቡ ገንዘቡ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ ሮልኦቨር ከማድረጋችሁ በፊት ይህን የሚነግራችሁ ሰው ያስፈልጋል። በ200 ዶላር ቶሎ ቶሎ የሚሠራው አይነግራችሁም።

እውነቱን ለመናገር ከእኛም ወገን ያለው ቀላል አይደለም። አንድ ኢንሮልድ ኤጀንት የሆነ ወዳጄ አስቸጋሪ ደንበኞቹን ሲያወራ ማባሪያ የለውም። ኤፕሪል 14 ማታ ወረቀቱን በፌስታል ይዞ የሚመጣ አለ። 1099-አሩን ደብቆ ፋይል ከተደረገ በኋላ «ለካ ይህችም ነበረች» የሚል አለ። «የጓደኛዬ ሪፈንድ 6,000 ነው፣ የኔ ለምን 900 ሆነ?» የሚል አለ። ከሁሉ የሚከብዱት ገንዘቡን ጨርሰው ሮልኦቨር ብለህ ጻፍልኝ የሚሉት ናቸው ይላል። አይሆንም ሲላቸው መንገድ ተሻግረው ሌላ ቦታ ያሠራሉ። እንዲህ ያለው ደንበኛ ላይ ቢነጫነጭ አልፈርድበትም። ደረሰኝ ይዞ የመጣን ሰው ነገረኛ ማለት ግን ሌላ ነው። እኛ ደግሞ ይሉኝታ አለብን። የሀገር ልጅ ነው፣ እናቱን አውቃታለሁ፣ ቤተ ክርስቲያን እንገናኛለን እያልን ገጹን ሳናይ እንፈርማለን። በኤሌክትሮኒክስ ለመላክ የምትፈርሙት ወረቀት 8879 ይባላል። ከመፈረማችሁ በፊት የተሞላውን 1040 ሊያሳያችሁና ኮፒ ሊሰጣችሁ ግዴታው ነው። ኮፒ ስትጠይቁ ፊቱ ከጠቆረ ሒሳባችሁን ዘግታችሁ ውጡ።

ገና ያላዛወራችሁ ደግሞ ቼኩን በስማችሁ አታስጽፉ። በቀጥታ ከ401ኬው ወደ አዲሱ ተቋም እንዲሄድ ጠይቁ። ቼኩ በአዲሱ ተቋም ስም ሆኖ በፖስታ ወደ ቤታችሁ ቢመጣ ችግር የለውም፣ ያው ቀጥታ ነው። 20 በመቶ አይቆረጥም። 1099-አሩ ቦክስ 7 ላይ «ጂ» ይመጣል፣ ገንዘቡ ወደ ሮዝ አይአርኤ (ታክሱ አስቀድሞ የሚከፈልበት የአይአርኤ ዓይነት) ካልሄደ በቀር ቦክስ 2ኤ ዜሮ ነው። ዜሮም ቢሆን ወረቀቱን ለታክስ ሠሪው ስጡት፤ ታክስ ባይኖርበትም ሪፖርት መደረግ አለበት። «ይህ አያስፈልግም» ብሎ ከመለሰላችሁ ሰው ሽሹ።

ቀደም ባሉት ዓመታት እንዲህ የተበላሸባችሁ ካላችሁ ያለፈው አልፏል ብላችሁ አትተዉት። ፋይል ካደረጋችሁበት ቀን ጀምሮ በአብዛኛው 3 ዓመት ድረስ 1040-ኤክስ በሚባለው የማስተካከያ ፎርም ማስተካከልና የተወሰደባችሁን መጠየቅ ይቻላል። የስቴቱንም አብራችሁ አስተካክሉ። 60 ቀኑ ያለፈባችሁም ብትሆኑ በሕመም፣ በባንክ ስህተት ወይም መሰል ምክንያት ከሆነ የሚታለፍበት አሠራር ስላለ ባለሙያ ጠይቁ። ገቢያችሁ ዝቅተኛ ከሆነና ከአይአርኤስ ጋር ክርክር ውስጥ ከገባችሁ በነፃ ወይም በትንሽ ክፍያ የሚረዱ የታክስ ክሊኒኮች አሉ። ታክስ ሠሪውን ለመክሰስ ለአይአርኤስ 14157 የሚባለው ፎርም ነው፤ ሳታውቁት ወረቀታችሁን ቀይሮ ከላከው ደግሞ 14157-ኤ ይጨመርበታል። ሜሪላንድ ያላችሁ ሌላም በር አላችሁ። እዚያ ሲፒኤ፣ ኢንሮልድ ኤጀንት ወይም ጠበቃ ያልሆነ ታክስ ሠሪ በአብዛኛው በስቴቱ ቦርድ መመዝገብ አለበት። ስሙን ድረ ገጹ ላይ ፈልጉት። እኛ የዚያን ልጅ ስም ፈልገን አጣነው፤ እትዬ ቅሬታዋን ለሁለቱም ልካለች።