የአፍ ካንሰርን በጊዜ ለደረሱበት የጅማ ባለሙያዎች ምስጋናና ጥቆማ

በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአጎቴን አፍ ለመረመሩት የጥርስ ሐኪም፣ ከምላሳቸው የተወሰደውን ናሙና ላነበቡት የፓቶሎጂ ባለሙያ፣ እንዲሁም ውጤቱ በወረቀት መካከል ተሰውሮ እንዳይቀር ለተከታተሉት የካርድ ክፍል ሠራተኛ ቤተሰባችን ያለውን ምስጋና በአደባባይ ለመግለጽ ይህን ጽፌያለሁ። ስማቸው እንዳይጠቀስ ስለጠየቁ ፈቃዳቸውን አክብሬያለሁ። ሥራቸው ግን በአፉ ውስጥ ሳይድን የቆየ ነገር ይዞ ለሚዞር ሰው ሁሉ መነገር ያለበት ነው ብዬ አምናለሁ።

አጎቴ በአጋሮ ዙሪያ ቡና ሲነግዱ የኖሩ፣ ጫትና ሲጋራ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ያልተለያቸው ሰው ናቸው። ወደ ሐኪሟ የሄዱት የመንጋጋ ጥርሳቸውን ለማስነቀል ብቻ ነበር። በምላሳቸው ጎን ስለነበረችው፣ ቀይና ነጭ ስለተቀላቀለባት ሻካራ ቦታ ቃል አልተነፈሱም፤ አታማቸውም ነበርና። ቀደም ሲል በሌላ ቦታ ሲያሳዩዋት መጉመጥመጫና አንቲባዮቲክ ታዞላቸው፣ ማንም ምላሳቸውን በእጁ ሳይነካ ተመልሰው ነበር። የአፍ ካንሰር አደገኛነቱ አንዱ እዚህ ላይ ነው፤ ሲጀምር ብዙ ጊዜ ሕመም ስለሌለው ሰው ለምዶት ይኖራል፣ ማመም ሲጀምር ግን አብዛኛውን ጊዜ ወደ ጥልቀት ገብቷል።

ሐኪሟ ጥርሱን ካዩ በኋላ ሥራቸውን በዚያ አላበቁም። «አባባ፣ አሁን ደግሞ አፍዎን በሙሉ ልይልዎት» ብለው በአፋን ኦሮሞ እያስረዷቸው፣ በመጀመሪያ ከንፈራቸውን ገልብጠው አዩ፤ ቀጥለው የጉንጫቸውን ውስጠኛ ክፍል፣ ድዳቸውንና ላንቃቸውን በብርሃን ተመለከቱ። ከዚያም የምላሳቸውን ጫፍ በጎዝ (በቁስል መሸፈኛ ስስ ጨርቅ) ይዘው ወደ ቀኝና ወደ ግራ እየሳቡ ሁለቱን ጎኖች እስከ ሥሩ መረመሩ፣ ምላሳቸውን ወደ ላይ አስነሥተው ሥሩን አዩ፣ በጓንት በተሸፈነ ጣታቸው ጥንካሬ ያለው ቦታ እንዳለ ዳሰሱ፣ በመጨረሻም አንገታቸው ላይ ንፍፊት መኖር አለመኖሩን ፈተሹ። አብሬያቸው ስለነበርኩ ሁሉንም አይቻለሁ፤ የፈጀው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው፣ ያስፈለገውም መሣሪያ መስታወት፣ መብራት፣ ጓንትና ጎዝ ብቻ ነበር። የምላስ ጎንና ከምላስ ሥር ያለው ወለል ይህ በሽታ በብዛት ከሚታይባቸው ቦታዎች መካከል ሆነው ሳለ፣ ምላስ ተስቦ ካልታየ ግን በቀላሉ ያመልጣሉ።

ቦታዋን ሲያገኙ ወዲያው ካንሰር ነው ብለው አላስደነገጧቸውም። ከአጠገቧ አንድ የተሰበረ ጥርስ ስለነበር፣ ጥርሱ ምላሳቸውን በመፋቁ የመጣ ቁስል ሊሆን እንደሚችል አስረዱ፤ የጥርሱን ስለት አስተካክለው በሁለት ሳምንት እንዲመለሱ ቀጠሩ። የአፍ ሽፋን በፍጥነት የሚታደስ በመሆኑ፣ በመፋቅ ወይም በመቃጠል የመጣ ቁስል ምክንያቱ ከተወገደ አብዛኛውን ጊዜ በዚያ ጊዜ ውስጥ ይድናል። ያልዳነው ግን ሌላ ሕክምና እየተሞከረበት የሚቆይበት ምክንያት የለውም። አጎቴ ሲመለሱ ቦታዋ እንደነበረች ስለነበረች፣ ሐኪሟ በዚያው ዕለት በማደንዘዣ ትንሽ ሥጋ ከምላሳቸው ወሰዱ። ይህ ባዮፕሲ የሚባለው ነው።

ስለ ፓቶሎጂ ባለሙያው የምጽፈው ሕመምተኛ ፊታቸውን ስለማያይ ነው። የተወሰደው ሥጋ በፎርማሊን እንዳይበላሽ ይጠበቃል፣ በሰም ውስጥ ይቀመጣል፣ ከፀጉር እጅግ በቀጠነ መጠን ይከተፋል፣ በቀለም ይነከራል፣ ከዚያ በኋላ በማይክሮስኮፕ ይነበባል። አንባቢው የሚፈልገው ዋናው ነገር የተዛቡት ሴሎች በአፍ ሽፋን ውስጥ ብቻ ተወስነው መሆኑን ወይም የሽፋኑን የታች ድንበር ሰብረው ወደ ሥጋው መግባታቸውን ነው። ካልገቡ ገና ካንሰር አልሆነም፣ ከገቡ ግን ሆኗል። የአጎቴ ውጤት ስኳመስ ሴል ካርሲኖማ፣ ማለትም ከአፍ ሽፋን ሴሎች የሚነሣ ካንሰር የሚል ነበር፤ ከአሥር የአፍ ካንሰሮች ዘጠኙና ከዚያም በላይ የሚሆኑት የዚህ ዓይነት ናቸው። ሆኖም ዕጢው ከ2 ሳንቲ ሜትር ያነሰና ጥልቀቱም ጥቂት በመሆኑ የመጀመሪያ ደረጃ ላይ ነበር፤ በቀዶ ሕክምና ተወግዶላቸው ዛሬ በክትትል ላይ ናቸው፣ ይናገራሉ፣ ይበላሉም።

ከዚህ በኋላ ነገሩን ለማንበብ ተነሣሁ፤ ያነበብኩትም የእነዚህን ባለሙያዎች ሥራ ዋጋ ይበልጥ አሳየኝ። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እንደገመተው በ2020 በዓለም ከ377 ሺህ በላይ ሰዎች በከንፈርና በአፍ ካንሰር ተይዘዋል፣ ከ177 ሺህ በላይ ሰዎችም ሞተውበታል። በጊዜ የማየትን ጥቅም በትልቅ ጥናት የፈተኑት በሕንድ ኬረላ ግዛት ነው። በዚያ ከ1996 ጀምሮ 13 የገጠር አስተዳደሮች በዕጣ በሁለት ተከፍለው፣ በአንደኛው ወገን የሚኖሩ 35 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው ሰዎች አፍ በየሦስት ዓመቱ በዓይን እንዲታይ ተደረገ። መርማሪዎቹ ለዚሁ ሥራ የሠለጠኑ እንጂ ሐኪሞች አልነበሩም። በ2005 በታተመው ውጤት፣ ትምባሆ ወይም አልኮል በሚጠቀሙት መካከል በአፍ ካንሰር የሚመጣው ሞት በ34 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል፤ ከ15 ዓመት ክትትል በኋላም ቅናሹ 24 በመቶ ነበር። በሕዝቡ ሁሉ ላይ ሲሰላ ግን ልዩነቱ ያን ያህል ጎልቶ አልወጣም። እኔ ከዚህ የተረዳሁት፣ ጊዜና ጉልበት ሲያጥር በመጀመሪያ መታየት የሚገባቸው እንደ አጎቴ ለረጅም ጊዜ ሲጋራ ያጨሱ ወይም አልኮል የሚጠጡ ሰዎች መሆናቸውን ነው።

ቦታውን በሰማያዊ ቀለም የሚቀቡ፣ ልዩ ብርሃን የሚያበሩ፣ ሴሎችን በብሩሽ የሚጠርጉ ዘዴዎችም አሉ። ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግም ድርጅት በ2021 እነዚህን ሁሉ መርምሮ፣ በባዮፕሲ ምትክ ሊሠራበት የሚችል አንድም አለመኖሩን ደምድሟል። ስለዚህ አዲስ መሣሪያ የለንም ብሎ ምላስ ስቦ ማየትን የሚተው ጤና ተቋም ካለ፣ ምክንያቱ አያሳምንም።

በጅማ ስለ ጫት መጠየቁ አይቀርም። ጫት በሚያዝበት የጉንጭ ጎን ነጭ መሆንና መሻከር በጥናት ታይቷል፤ ጫት ብቻውን የአፍ ካንሰር ያመጣል የሚለው ግን ገና በቂ ማስረጃ አልተገኘለትም፣ አብሮት የሚጨሰው ሲጋራ ግን ጥርጥር የሌለው ምክንያት ነው። ሐኪሟ ይህን ለአጎቴ ሳያጋንኑና ሳይወቅሱ ስላስረዷቸው ምክሩን ሰምተው ሲጋራውን አቁመዋል፤ ቤተሰቡ ለዓመታት ሲለምናቸው ያልሆነው ማለት ነው።

የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ ያደረጉት ነገር ለአንዳንዱ ትንሽ ይመስለው ይሆናል። ውጤቱ ሲደርስ አጎቴ አጋሮ ነበሩ፣ ስልካቸውም አይሠራም ነበር። ሠራተኛው በካርዱ ላይ የተመዘገበውን የእኔን ቁጥር ፈልገው ደወሉልኝ፣ ሐኪሟ በየትኛው ቀን እንደሚገኙም ነገሩኝ። ናሙና ተወስዶ ውጤቱ ሳይወሰድ ቢቀር፣ ከዚያ በፊት የተደከመው ሁሉ ከንቱ ይሆን ነበር።

ስለዚህ በጅማ ከተማም ሆነ በአጋሮ፣ በሰቃ፣ በደዶ፣ በሊሙ ያላችሁ፣ ከሁለት ሳምንት በላይ ያልዳነ ቁስል፣ ሲጠረግ የማይለቅ ነጭ ነገር፣ ያለ ምክንያት የቀላ ቦታ፣ እብጠት ወይም የአንገት ንፍፊት ካያችሁ፣ ምላስ ወይም ከንፈር ከደነዘዛችሁ፣ ወይም ጥርስ ያለ ምክንያት ከተነቃነቀባችሁ፣ እነዚህ ባለሙያዎች ዘንድ ሂዱ። በተለይ ለቀላው ቦታ አትዘግዩ፤ ከነጩ ይልቅ ወደ ካንሰር የመለወጥ ዕድሉ እጅግ የበዛ ነው። ለጥርስ ብቻ ብትሄዱም አፋችሁ በሙሉ እንዲታይላችሁ ጠይቁ። ሪፈር ወረቀትና ከዚህ በፊት የታዘዘላችሁን መድኃኒት ይዛችሁ ሂዱ፤ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ናሙና ከመወሰዱ በፊት ተናገሩ። ካርድ ስታወጡ ደግሞ ከራሳችሁ ስልክ በተጨማሪ ሁልጊዜ የሚነሣ የአንድ ዘመድ ቁጥር አስመዝግቡ።