የወንበር መሥሪያ ሞረድ፣ መጋዝና መሮ፦ የትኛው ለማን ይሆናል?

ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ ወይም ለገጣፎ ትንሽ ግቢ ያለው ሰው ወንበር በእጄ ልሥራ ሲል ደስ ይለኛል። ቦታው አለው። እንጨት በቅርብ ያገኛል። መብራት ቢጠፋም የእጅ ሥራ አይቆምም። ግራ የሚያጋባው መርካቶ ወርዶ ዕቃ መምረጡ ነው፤ የሚመሳሰሉ ዕቃዎች ዋጋቸው ሰማይና ምድር ነው። ስለዚህ ለወንበር የሚሆኑትን ጎን ለጎን እንያቸው።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። በጀታችሁ ጠባብ ከሆነ ትልቁን ድርሻ ለመጋዝና ለመሮ ስጡ። ሞረድ ቅርጽ ያወጣል፤ ወንበሩን የሚያቆመው ግን መጋጠሚያው ነው። የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ስለሚፈለፈል ይህ ጣጣ የለበትም። መደገፊያ ያለው ወንበር ላይ ግን ሰው ወደ ኋላ ጋደም ሲል ጫናው በሙሉ የኋላ እግርና የጎን አግዳሚ በሚገናኙበት ቦታ ላይ ያርፋል። እዚያ ጋ የተላላ ወንበር በሚስማር አይድንም።

ወደ ሞረዱ ስንመጣ፣ መጀመሪያ ለእንጨት የተሠራ መሆኑን አረጋግጡ። የብረት ሞረድ ተከታታይ መስመሮች ያሉት ነው፤ እንጨት ላይ ወዲያው በዱቄት ይደፈናል። የእንጨቱ ግን አንድ በአንድ የቆሙ ጥርሶች አሉት።

በየሱቁ የሚገኘው በማሽን የተሠራው ነው። አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ፣ ሌላው ጎበጥ ያለ። ርካሽ ነው፣ እንጨቱን ቶሎ ይበላል፣ ጎባጣው ጎን የመደገፊያውን ጉድጓዳ መታጠፊያ በደንብ ይገባበታል። ጉድለቱ ጥርሶቹ በረድፍ መሰለፋቸው ነው። አንዱ ጥርስ በሄደበት ሌላውም ይሄዳል፣ እንጨቱ ላይ ቦይ ይቀራል። መፍትሔው ሰያፍ መሞረድ ነው፦ መጀመሪያ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ቀጥሎ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ቦዮቹ እርስ በርስ እንዲጠፋፉ። ከዚያ በኋላም ቢሆን ብዙ ብርጭቆ ወረቀት ይጠይቃል።

በእጅ ጥርስ የወጣላቸው ሞረዶች ሌላ ዓለም ናቸው። የፈረንሳዮቹ ኦሪዩ እና ሊዮዢዬ እያንዳንዱን ጥርስ በመዶሻና በሹል ብረት እየመቱ ያወጣሉ። የሰው እጅ መቼም እንደ ማሽን እኩል አይመታም። ጥርሶቹ ስለሚዘበራረቁ ቦይ አይሠሩም፤ ሻካራ ሆኖ እየበላ እንኳ የሚተወው ገጽ ለስላሳ ነው። የኦሪዩ ከ1 እስከ 15 ባለው ቁጥር ይለያያሉ፤ ቁጥሩ ሲጨምር ይደቅቃል። አንድ ብቻ የሚገዛ ሰው 9 አካባቢ ቢወስድ ይሻላል። ዋጋቸው ግን ከፋብሪካው ሞረድ በብዙ እጥፍ ይበልጣል፣ ብዙውን ጊዜም ከውጭ በሚመጣ ሰው ማስመጣት ግድ ይላል። እየሠራ የሚሸጥ፣ መደገፊያና ክንድ ማሳረፊያ በየጊዜው የሚቀርጽ ሰው ቢገዛው ገንዘቡን ያወጣለታል። ለቤቱ አራት ወንበር ሠርቶ ለሚያቆም ሰው ግን አልመክርም።

መሀል ላይ የጃፓኑ ሺንቶ አለ። የብረት መጋዝ ምላጮች ተጣጥፈው በሪቬት የተያያዙ ይመስላል። አንዱ ፊት በ25 ሚሊ ሜትር ውስጥ 11 ጥርስ፣ ሌላው 25 ጥርስ አለው። በምላጮቹ መሀል ክፍተት ስላለ ዱቄቱ ይወድቃል፣ አይደፈንም። ካገኛችሁት ለእግር ማስተካከልና ጠርዝ ለማክበብ ከሁሉም ፈጣኑ እሱ ነው። ጠፍጣፋ በመሆኑ ግን ወደ ውስጥ የታጠፈ ቦታ ላይ ዋጋ የለውም። ስለዚህ ለመጀመሪያ ወንበር እኔ የምመርጠው ጎባጣ ጎን ያለውን የፋብሪካ ሞረድ ነው። ብር ሲተርፍ ሺንቶውን ጨምሩበት።

ባለ ሁለት እጀታዋ ትንሽ መላጊያስ? ዋንዛ ላይ ግሩም ናት፤ የእንጨቱን መስመር ተከትላችሁ ስትስቧት ብርጭቆ ወረቀት የማያስፈልገው ገጽ ትተዋለች። መስመሩ ሲገለባበጥ ግን እንጨቱን ትነቅላለች። ባሕር ዛፍና ወይራ ላይ ይህ ይበዛል። ሞረድ የመስመር አቅጣጫ ብዙም አይገደውም፤ ለእነዚህ እንጨቶች ሞረዱ ይቀድማል።

ሱቅ ስትሄዱ አንድ ቁራጭ እንጨት ይዛችሁ ሂዱ። ሞረዱን ወደ ብርሃን አዘንብሉት። የጥርሶቹ ጫፍ ነጭ ሆኖ ካብለጨለጨ ደንዝዟል፤ ስል ጥርስ ብርሃን አይመልስም። ከዚያ ባለሱቁን አስፈቅዳችሁ ቁራጩ ላይ ሁለት ሦስቴ ግፉት። እጀታ የሌለው ከሆነ እጀታም አብራችሁ ግዙ፤ ሹሉ ጭራ መዳፍ ይበሳል። ቤት ስትገቡም ከሌላ ብረት ጋር ሳጥን ውስጥ አትወርውሩት፣ በጨርቅ ጠቅልሉት።

መጋዝ ላይ ምርጫው በሚገፋውና በሚሳበው መካከል ነው። የሚሳበው የጃፓን መጋዝ ምላጩ ቀጭን ነው፤ የወንዴውን (ቀዳዳ ውስጥ የሚገባውን የመጋጠሚያ ምላስ) ትከሻ ንጹህ አድርጎ ይቆርጣል፣ ጀማሪንም አያስቸግርም። ነገር ግን ጥርሶቹ አብዛኛውን ጊዜ በሙቀት የጠነከሩ ስለሆኑ በሞረድ አይሳሉም፣ ሚስማር ካገኛቸውም ይረግፋሉ። ከፈረሰ ቤት በወጣ እንጨት የሚሠራ ሰው ይህን ያስብበት። የሚገፋው ወፈር ያለ ነው፣ ግን በባለ ሦስት ማዕዘን ሞረድ ተስሎ ዓመታት ያገለግላል። ስትገዙ የጥርሱን ጫፍ እዩ፦ ሰማያዊ ወይም ጠቆር ያለ ከሆነ እሱም የማይሳል ነው። ከተማ ዳር ሆኖ ሌላ ለመግዛት በየጊዜው መመላለስ ለማይፈልግ ሰው የሚሳለውን እመርጣለሁ።

መሮ በስብስብ አትግዙ። ለወንበር ሁለት ይበቃሉ። አንዱ ሴቴውን፣ ማለትም ወንዴው የሚገባበትን ቀዳዳ፣ መፈልፈያ ሲሆን፣ ስፋቱ ከእንጨቱ ውፍረት አንድ ሦስተኛ ያህል ይሁን፤ 30 ሚሊ ሜትር ለሆነ እግር የ10 ሚሊ መሮ ማለት ነው። ሌላው ወንዴውን ለማስተካከል 25 ሚሊ አካባቢ። አዲስ መሮ ከሱቅ ስል ሆኖ አይወጣም፣ መሳያ ድንጋይ አብሮ ይገዛ። ጀርባው ድንጋይ ላይ ልሙጥ እስኪሆን ይታሽ፣ ስለቱ ወደ 30 ዲግሪ ይሳል። ምናለሽ ተራ የሚገኝ አሮጌ መሮ አንዳንዴ ከአዲስ ርካሽ መሮ የተሻለ ብረት አለው። ጫፉ ሰማያዊ ከሆነ ግን ግራይንደር አቃጥሎታል፣ ስለት አይዝም። ያንን እለፉት።

ይህ ሁሉ ተገዝቶ እንጨቱ እርጥብ ከሆነ ድካሙ ከንቱ ነው። ከመንገድ ዳር የተገዛ ትኩስ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ይጣመማል፤ ወንዴውም ይከሳና መጋጠሚያው ይላላል። የደረቀ ዋንዛ ካገኛችሁ ትንሽ ጨምራችሁም ቢሆን ውሰዱ፤ ለሞረድም ለመሮም የሚመች እንጨት ነው።

ለሞርሳ ገና ብር አታውጡ። ኮላ ከተቀባ በኋላ እግሮቹን በገመድ ዙሩና መሀሉ ላይ ዱላ አስገብታችሁ አክርሩት። ገመዱ ጠርዙን እንዳይበላ ከሥሩ ጨርቅ አድርጉ። ኮላው ሳይደርቅ አራቱ እግሮች ልሙጥ ወለል ላይ እኩል መቆማቸውን እዩ፣ ከዚያ እስከ ማግስቱ አትንኩት።