የኪስ ውሃ ማጣሪያ በስሜን ተራሮችና በቆላው፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ይህን ግምገማ የምጽፈው ዕቃው ከካርቶን በወጣ ሰሞን አይደለም። ማጣሪያዋ ከጥቅምት ጀምሮ በስሜን ተራሮች፣ በኮሶዬ ገደል አፍና በመተማ ቆላ ከቦርሳዬ አልተለየችም፤ ውርጭም፣ ደለልም፣ ሐሩርም ቀምሳለች። አሁን ግንቦት ነው፤ ክረምቱ ሳይገባ ያየሁትን ላስፍር። ባጭሩ ወድጃታለሁ፤ ዘመድ ወዳጅ ቢጠይቀኝ ግዙ እላለሁ። ነገር ግን ሳያውቁ ለሚገዟት ሰዎች ጤና አደጋ የሚሆኑ ሁለት ጠባዮች አሏት፤ ሰፊውን ቦታ የምሰጠውም ለእነዚህ ነው።

ዕቃዋ ከመዳፍ እምብዛም አትበልጥም፤ ክብደቷም ከ100 ግራም በታች ነው። ባትሪ አትፈልግም፣ መድኃኒትም የላትም። በውስጧ እንደ ክር የቀጠኑ፣ መሐላቸው ክፍት የሆነ ቱቦዎች ታጭቀዋል፤ የቱቦዎቹ ግድግዳ 0.1 ማይክሮን በሚሆኑ ቀዳዳዎች የተሞላ ነው። ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ጃርዲያ ውሃ ውስጥ የሚቆይበት፣ ቅርፊት ያለው አካሉ ወደ 10 ማይክሮን ይጠጋል፤ አሜባም ከዚያ አያንስም፤ የታይፎይድና የኮሌራ ባክቴሪያዎችም ቢሆኑ በዚያ ቀዳዳ አያልፉም። የወንዙን ውሃ በተጣጣፊ ከረጢት ቀድቼ ማጣሪያዋን አፉ ላይ አጠብቅና ከረጢቱን እጨምቀዋለሁ፤ በሌላው ጫፍ ንጹህ ውሃ ይወርዳል። አሠራሯ ይኸው ነው። ጎንደር ውስጥ ፒያሳም ሆነ ቅዳሜ ገበያ ሱቅ ላይ አላገኘኋትም፤ ውጭ አገር የምትኖር እህቴ ናት የላከችልኝ።

ለምን አስፈለገች የሚል ካለ፣ በስሜን ተራሮች የሄደ ሰው መልሱን ያውቀዋል። ከደባርቅ ተነስቶ በድንኳን ሰፈሮቹ በሳንቃበር፣ በጊጭና በጨነቅ ለሚያድር ቡድን የሃይላንድ ውሃ በካርቶን በበቅሎ መጫን የተለመደ ነው። ውሃው ሲያልቅ ፕላስቲኩ ይቀራል። የሚመልሰው ጥቂት ነው፤ የተረፈው ከድንጋይ ስር ይወሸቃል ወይም በየሰፈሩ ይቃጠላል። ዋልያና ጭላዳ በሚግጡበት መስክ ላይ የተጣለ ፕላስቲክ ባየሁ ቁጥር አንጀቴ ያርራል። ማጣሪያዋን ከያዝኩ ወዲህ ወደ ተራራው የማወጣው ሃይላንድ የለም፤ ለእኔ ይህ ብቻውን ዋጋዋን ይመልሳል።

ማፍላት አይሻልም ወይ የሚሉኝ አሉ። ማፍላት አስተማማኝ ነው፤ እንዲያውም ማጣሪያዋ የማትይዘውን ቫይረስ ጭምር ይገድላል። ከፍታ ላይ የፈላ ውሃ አያድንም የሚባለው ትክክል አይደለም። እርግጥ ነው፣ በየ300 ሜትሩ ውሃ የሚፈላበት ሙቀት በአንድ ዲግሪ ገደማ ይወርዳል፤ ጎንደር ላይ በ93 ዲግሪ አካባቢ፣ 3,600 ሜትር ላይ ባለው የጨነቅ ሰፈር ደግሞ በ88 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ይህም ሙቀት ቢሆን ተሕዋሲያኑን ይገድላል፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ሲሆን ከተንተከተከ በኋላ ሦስት ደቂቃ ማቆየት ይበቃል። ችግሩ ነዳጁ ነው። በፓርኩ ውስጥ አስታ ቆርጦ እሳት ማንደድ ክልክል ነው፤ በነፋስ መካከል በትንሽ ምድጃ ለአምስት ሰው የቀን መጠጥ ማፍላት ደግሞ ጋዙንም ጊዜውንም ይጨርሳል። ለሻይና ለሾርባ አፈላለሁ፤ ለመንገድ አጣራለሁ።

የጨነቅ ምንጭ ውሃ ሲያዩት ብርጭቆ ነው፤ ጥርስ ያደነዝዛል። ከበላዩ ግን ከብት ይግጣል፣ በቅሎ ይታሰራል፣ ጭላዳው በመንጋ ይሰማራል። ፓርኩ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ1978 የዓለም ቅርስ ሆኖ ከተመዘገበ በኋላ ከ1996 እስከ 2017 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ እንዲቆይ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ የግጦሹ ብዛት ነበር፤ ከብት ባለበት ደግሞ ጃርዲያ አይጠፋም። ጃርዲያ በዚያው ሌሊት አያስታውቅም፤ ብዙ ጊዜ ከሳምንት ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ሰው ቤቱ ገብቶ መንገዱን ከረሳው ወዲያ ነው ሆዱን የሚያውከው። በዚህ የተነሳ ብዙዎች የተራራውን ውሃ ትተው ከተማ የበሉትን ምግብ ይጠረጥራሉ።

በመሸሃ ወንዝ አቅጣጫ ከምትገኝ አንዲት ምንጭ ውሃ ስቀዳ፣ ከከረጢቱ ግርጌ አንዲት ጥቁር ነገር ስትጠማዘዝ አየሁ። የስፌት ክር የምታክል ግልገል አልቅት ነበረች። ፕላስቲኩን በአንድ ጫፍ ነክሳ፣ ሌላውን ጫፏን እየዘረጋች ወደ ላይ ትለካ ነበር። እንዲህ ያለችው ከጉሮሮ ወይም ከአፍንጫ ውስጥ ተጣብቃ ደም ስትመጥ የሰነበተችበትን ሰው ታሪክ በአገራችን ያልሰማ የለም። በማጣሪያዋ አልፋ እንደማትመጣ ባውቅም ውሃውን ደፋሁት። አብረውን የነበሩት ባለ በቅሎ ሽማግሌ አይተውኝ ኖሮ፣ «ልጄ፣ ከዚህ የሚጠጣው ከብት ነው፤ ሰው የሚቀዳው ከዚያ ከጅብራው አለፍ ብሎ ነው» አሉኝ። «እሺ አባባ» ብዬ ወጣሁ፤ ከአለቱ ስር የምትንጠባጠብ ንጹህ ምንጭ አገኘሁ። ማጣሪያ የያዘ ሰውም አገሬውን መጠየቅ አለበት፤ ጥሩ ውሃ መርጦ ያጣራ ሰው ማጣሪያውንም ያቆየዋል።

አሁን ወደ መጀመሪያው አደገኛ ጠባይ ልግባ፤ ውርጭ ነው። በታኅሣሥና በጥር በጊጭና በጨነቅ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ጠዋት የድንኳኑ ሸራ በረዶ ለብሶ እንደ ቆርቆሮ ይንኳኳል። አንድ ጊዜ ውሃ የነካት ማጣሪያ ምንም ብትራገፍ በቱቦዎቿ ውስጥ እርጥበት ይቀራል። ያ እርጥበት በረዶ ሆኖ ሲረጋ ይሰፋል፤ ሲሰፋ ቱቦዎቹን ይሰነጥቃል። ስንጥቁ በዓይን አይታይም። ውሃውም ያው ጥርት ያለ ሆኖ ይወርዳል፤ እንዲያውም ከበፊቱ ፈጥኖ ይወርዳልና ሰው ደስ ይለዋል። ማጣሪያዋ ግን ሞታለች፤ የሚጠጣው ያልተጣራ ውሃ ነው። በእኛ ተራራ ላይ ከዚህ የከፋ ጉድለት የለም፤ መመሪያው ላይ በደቃቅ ፊደል በአንድ መስመር መታለፉም ያናድደኛል። በትልቁ ሊጻፍ የሚገባው እሱ ነበር።

የማደርገው እንዲህ ነው። ማታ የመጨረሻውን ውሃ ካጣራሁ በኋላ ማጣሪያዋን በኃይል አራግፋለሁ፤ በፌስታል ጠቅልዬ አፉን አስራለሁ፤ ከዚያ ከእኔው ጋር በመኝታ ከረጢቴ ውስጥ ከሆዴ አጠገብ ታድራለች። ድንኳን ውስጥ ቦርሳ ኪስ ማስገባት አይበቃም። ጠዋትም ፀሐይ እስኪሞቅ ከጃኬቴ የውስጥ ኪስ አትወጣም፤ ከቧሂት በታች ያለውን 4,200 ሜትር ገደማ የሚደርስ በር በማለዳ ለሚሻገር ሰው ነፋሱ ብቻውን ያረጋታል። የተጠራጠርኩ እንደሆነ ካረጠብኳት በኋላ በአፌ እነፋባታለሁ፤ ጤነኛ የሆነች እርጥብ ማጣሪያ በአፍ ግፊት አየር አታሳልፍም። አየሩ በቀላሉ ካለፈ መጣል ነው። እስካሁን የእኔዋ አላሳለፈችም።

ስለ ከፍታ ካነሳሁ አይቀር፣ ውሃ በብዛት መጠጣት የከፍታ ሕመምን ያስቀራል ብለው የሚመክሩ አሉ። ጥማትን ያስቀራል፤ የከፍታ ሕመምን ግን አያስቀርም። ከጎንደር በመኪና ተነስቶ በአንድ ቀን 1,500 ሜትር ወጥቶ ጨነቅ የሚያድር ሰው ራሱን ቢያመው፣ ቢያስመልሰው፣ ሚዛኑን ቢስት መድኃኒቱ መውረድ ነው። ሳንቃበር ላይ አንድ ሌሊት ማደር ብዙውን ያቃልላል።

ሁለተኛው አደገኛ ጠባይ የሚታየው በቆላው ነው። እዚህ ላይ ማጣሪያዋን በጣም ያመሰግኗት የነበሩ ጓደኞቼ ሲሳሳቱ አይቻለሁ፤ ማጣሪያ ስላለ ውሃ አለ ብለው ትንሽ ይዘው ይወርዳሉ። በመጋቢትና በሚያዝያ በመተማ በኩል ሙቀቱ 40 ዲግሪ ያልፋል። ያን ጊዜ ጓንግና ሽንፋን የመሳሰሉ ወንዞች ከፍሰት ይልቅ ኩሬ ይሆናሉ፤ ኩሬው ውስጥ ከብት ቆሟል። ያ ውሃ በማጣሪያዋ ያልፋል፤ ግን ግማሽ ሊትር ሳይሞላ ትዘጋለች፣ እጅ እስኪዝል ቢጨምቋት አትሰጥም። መፍትሔው ውሃውን በጀሪካን ቀድቶ ማስተኛት፣ ሲጠል ከላይ ያለውን በነጠላ ማጥለል፣ ከዚያ ወደ እሷ ማምጣት ነው። ይህ ጊዜ ይፈልጋል፤ በሐሩር መሐል የተጠማ ሰው ጊዜ የለውም።

ሌላም አለ። ማጣሪያዋ ተሕዋሲያንን እንጂ ውሃው ውስጥ የሟሟ ነገርን አትይዝም። የሰሊጥና የጥጥ እርሻ ባለበት አገር የተረጨ ፀረ ተባይ ወደ ኩሬው ከወረደ በቀጥታ ያልፋል። ጨውም እንዲሁ። ስለዚህ ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ወደሚገኘው ዳሎል ወይም ወደ ኤርታ አሌ የሚሄድ ሰው ይህችን ተማምኖ መንገድ ባይጀምር እለምነዋለሁ፤ የጨው ሐይቅን ውሃ ጣፋጭ የምታደርግ የኪስ ማጣሪያ አይደለችም። በረሃ ላይ ውሃ ይጫናል እንጂ አይፈለግም። ጉዞውም ከንጋት እስከ ጠዋቱ 4 ሰዓት፣ ከዚያም ከ10 ሰዓት በኋላ ቢሆን ይመረጣል፤ ቦርሳ ውስጥ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ይኑር፤ ከላብ ጋር የሚወጣውን ጨው ባዶ ውሃ አይተካውም። በቆላው የሚያድር ሰው ደግሞ ከኩይሳና ከግራር ስር አይተኛ፤ የካላዛር በሽታ የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ መኖሪያዋ እዚያ ነው።

ቫይረስንም አትይዝም። የሄፓታይተስ ኤ ቫይረስ 0.03 ማይክሮን አይሞላም፤ በ0.1 ቀዳዳ ሰተት ብሎ ይገባል። ከሰው መኖሪያ በላይ ባለ ምንጭ ይህ ብዙ አያሳስበኝም። ከመንደር በታች ወይም ከሰፈሩ መጸዳጃ በታች የሚቀዳ ውሃ ከሆነ ግን ካጣራሁ በኋላ ውሃ አጋር የተባለውን ክሎሪን ጨምሬ ግማሽ ሰዓት አቆየዋለሁ። ሁለቱ ይደጋገፋሉ፤ ክሎሪኑ ቫይረሱን ይገድላል፣ ክሎሪን የሚቋቋመውን ክሪፕቶስፖሪዲየም የተባለ የአንጀት ተሕዋስ ደግሞ ማጣሪያዋ ትይዘዋለች። በዚያ ላይ ወንዝ በእግር መሻገር ያው ወንዝ መሻገር ነው፤ በሳንጃና በጣና ዳር ባሉ ውሃዎች ቢልሃርዚያ የሚገባው በቆዳ በኩል ስለሆነ ማጣሪያ የሚያደርገው ነገር የለም።

ስለ ጥንካሬዋ ብዙ አልልም። ማጣሪያዋ ራሷ ደህና ናት፤ አብሮ የመጣው ከረጢት ግን በየካቲት ስፌቱ ላይ ተቀደደ። አሁን የምጠቀመው የለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ነው፤ ክሩ ልክ ይገጥማል፣ ፕላስቲኩም ይጠነክራል። የብዙዎቹ የአገር ውስጥ የውሃ ጠርሙሶች አንገት አጭር ስለሆነ አይይዝም፣ በጎን ያንጠባጥባል፤ ከመንገድ በፊት ቤት ውስጥ መሞከር ይሻላል። የጎማ ቀለበቷ ትንሽ ናት፤ ከጠፋች ያልተጣራው ውሃ በጎን ወርዶ ከተጣራው ጋር ይቀላቀላል፤ ስለዚህ መለዋወጫ ይዣለሁ።

ፍጥነቷ አዲስ ሳለች አንድ ሊትር በደቂቃ ገደማ ነበር፤ አሁን ከዚያ እጥፍ ትወስዳለች። ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ በተሰጠው ትልቅ ስሪንጅ ንጹህ ውሃ ከመውጫዋ ወደ ኋላ እገፋባታለሁ፤ መጀመሪያ የሚወጣው ቡናማ ነው፣ እስኪጠራ እደጋግማለሁ። ለረጅም ጊዜ ከተቀመጠች በኋላ ደርቃ እምቢ ስትል ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክሬ አሳድራታለሁ። የጉድጓድ ውሃ ነጭ ዝቃጭ ሲተውባት ደግሞ ኮምጣጤ በውሃ አቅጥኜ ግማሽ ሰዓት አቆያታለሁ፤ በደንብ ተከፈተች። ቤት ውስጥም፣ ቧንቧ በሚቋረጥባቸው ቀናት ከሮቶ የምንቀዳውን ለልጆች አጣራበታለሁ።

ለማን ትሆናለች? መንገዱ ሰላም መሆኑን አጣርቶ፣ ስካውትና አስጎብኚ ይዞ፣ መቼ እንደሚመለስ ለቤተሰብ ነግሮ ወደ ስሜን ለሚወጣ ሰው ከጫማ ቀጥሎ የምመክረው ዕቃ ናት። አምስት ስድስት ሆነው ለሚሄዱ አንዷ አትበቃም፤ ሁለት ይያዙ፣ ወይም ተንጠልጥላ በራሷ የምታጣራውን ትልቅ ዓይነት ይፈልጉ። በቆላ ብቻ ለሚንቀሳቀስ ሰው ግን ገንዘቡን ለተጨማሪ ጀሪካንና ለጥላ ኮፍያ ቢያውለው ይሻለዋል። ያገለገለች ማጣሪያ ከሌላ ተጓዥ መግዛትን ፈጽሞ አልመክርም፤ የትኛው ሌሊት ከየትኛው ድንኳን ውጭ እንዳደረች ሻጩም ላያውቅ ይችላል።