ለጠባብ በረንዳ ምን ይገዛ? የባሕር ዳር መቀመጫዎችና የአበባ ማስቀመጫዎች

ስፋቱ 1 ሜትር ከ20 በሆነ የኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ ቦታ የሚበላው መቀመጫው ስለሆነ መጀመሪያ እሱ ይወሰን። 40 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው አግዳሚ ከግድግዳው ጋር ሲለጠፍ ለእግርና ለመተላለፊያ 60 ይተርፋል፤ የቀረው 20 የተክሉ ነው። ክንድ ያለው ሰፊ ወንበር 70 ሳንቲ ሜትር ስለሚወስድ ይህን ሒሳብ ያፈርሰዋል።

ከአዊ በኩል የሚመጣው የቀርቀሃ ወንበር ቀላል ነው፣ ለዓይንም ያምራል። ሲገዙ ገልብጠው እግሩን መታ መታ ያድርጉት፦ ደቃቅ ዱቄት ከረገፈ ነቀዝ ገብቶበታል፣ ቫርኒሽ ከላይ ቢቀባም አያድነውም። ሚስማሩ የገባበትንም ይዩ። አስቀድሞ ሳይበሳ የተመታ ቀርቀሃ ከዚያው ይሰነጠቃል። ከላይ ጣሪያ ላለው በረንዳ እንመክረዋለን፤ የሐምሌ ዝናብ ለሚገርፈው ግን አይሆንም።

የእኛ ምርጫ ብየዳ ቤት የሚያሠሩት የብረት አግዳሚ ነው፣ ትእዛዙን በደንብ ከሰጡ። ቱቦላሬው (ውስጡ ባዶ የሆነው ባለ አራት ማዕዘን ብረት) 25 በ25 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 1.5፣ የመቀመጫው ከፍታ 43 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ብዙ ሠራተኞች እግር ከማበጀት ይልቅ በፊሸር (ግድግዳ ውስጥ ገብቶ ብሎን በሚይዝ የፕላስቲክ መሰኪያ) እና በብሎን ግድግዳው ላይ ማንጠልጠል ይቀናቸዋል። ግድግዳው ብሎኬት ነው፣ ውስጡ ባዶ፤ ፊሸሩ የሚይዘው ልስኑንና ቀጭኑን የብሎኬት ገጽ ብቻ ስለሆነ ሁለት ሰው ሲቀመጥበት ቀስ በቀስ ይነቀላል። አራት እግር ይኑረው፤ ብሎን ካስፈለገም እንዳይንሸራተት ለመያዝ ብቻ ይሁን። ዝገቱ ደግሞ የሚጀምረው ከውስጥ ነው። የቱቦላሬው ጫፍ ክፍት ከተተወ ዝናብ ይገባና ቀለሙ እንዳማረ እግሩ ይበላል። ስለዚህ ጫፉ በላሜራ ይበየድ፣ ከታች በኩል 5 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይበሳ፣ ከቀለሙ በፊት አንቲረስት (ዝገት መከላከያ ቀለም) ሁለት ጊዜ ይቀባ። ታጣፊ ይሁን የሚሉ አሉ፤ ማጠፊያው ክረምት ሲያልፍበት ይነክሳል፣ ከዚያ በኋላ የሚያጥፈው የለም።

ከሲሚንቶ የሚሠራው ትልቅ የአበባ ማስቀመጫ የግቢ ዕቃ ነው። 20 ሊትር እርጥብ አፈር ብቻውን ከ30 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ የሲሚንቶው ሲጨመርበት ለማጽዳት እንኳ አይነሳም። የሸክላው ውሃ ቶሎ ስለሚያተን ለጤና አዳምና ለጥብስ ቅጠል ይስማማል። በሶብላ ግን በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት ሸክላ ውስጥ በየቀኑ ውሃ ይጠይቃል፣ እሱን በፕላስቲክ ይትከሉት። ለሰላጣና ለድንብላል በጎኑ የተቀደደ የ5 ሊትር ዘይት ጀሪካን በቂ ነው። መልኩ አያምርም፣ ሥራውን ግን ይሠራል። በብረቱ አጥር ላይ የሚንጠለጠለውን መንጠቆ ወደ ውስጥ ያዙሩት፤ ከሐይቁ የሚነሳው የከሰዓት ነፋስ ወደ ውጭ የተሰቀለውን ያወዛውዘዋል፣ ከታች ደግሞ ሰው ያልፋል።

በከረጢት «ለም አፈር» ተብሎ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ መረሬ፣ ማለትም ጥቁር የሸክላ አፈር ነው። መረሬ ሲደርቅ ይኮማተርና ከማስቀመጫው ጠርዝ ይላቀቃል፤ ያጠጡት ውሃ በክፍተቱ ወርዶ ሥሩን ሳይነካ ይወጣል። ሁለት እጅ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ የበሰለ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ አሸዋ ይቀላቀሉ። ከታች ጠጠር ማንጠፍ ውሃ ያሳልፋል የሚባለው ልማድ ትክክል አይደለም። ውሃው ከጠጠሩ በላይ ባለው አፈር ውስጥ ተይዞ ስለሚቀር ሥሩን ወደ እርጥበቱ ያቀርበዋል። አራት አምስት የ8 ሚሊ ሜትር ቀዳዳና አፈር የሚይዝ ቁራጭ ወንፊት ይበቃል። በነገራችን ላይ፣ አበባው አምሮበት እምቦጭ ከሐይቁ በባሊ የሚያመጣ ሰው አይጠፋም፤ ጣና ላይ ያደረሰውን እያዩ ማባዛት ነው።

ሻጮች የማይነግሩት አንድ ነገር አለ። ጣና ከከተማው በስተ ሰሜን ስለሆነ ሐይቁን የሚያይ በረንዳ ሰሜን ያያል። ቀትር ላይ ፀሐይ በሰሜን በኩል የምትሆነው ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ብቻ ነው፣ ከዚያም ውስጥ ሐምሌና ነሐሴ ደመና ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት እዚያ የጥብስ ቅጠል ይመነምናል፣ ቡጊንቪሊያም አያብብም። ናና፣ ቆስጣና ሰላጣ ይችሉታል። ወደ ደቡብ የሚያይ ከሆነ ደግሞ በእነዚያው ወራት ፀሐይ ስለማይታጣ ቃሪያም ይሞከርበታል።

ከእያንዳንዱ ማስቀመጫ ሥር ሳህን ይደረግ፣ አለበለዚያ ጭቃው ከታች ባለው ጎረቤት ልብስ ላይ ይንጠባጠባል። በክረምት ግን ሳህኑ ትንኝ እንዳይፈለፈልበት ሳምንት ሳይሞላው ይደፋ፤ ዝናብ በቀጥታ የሚያገኘው በረንዳ ላይ ከሰኔ እስከ መስከረም ሳህኑ ወደ ውስጥ ቢገባ ይሻላል።